እናቱስ?

እናቴን ለሕክምና ይዤ ቼናይ የከረምሁበት ጊዜ ነበር። ሐኪሞቹ የምርመራው ውጤት እስኪደርስ ጠብቁ ስላሉን ቀኑን በተከራየናት ጠባብ ክፍል እናሳልፍና፣ ማምሻውን ሙቀቱ በረድ ሲል ወደ ማሪና የባሕር ዳርቻ እንወጣለን። አስታማሚ ሆኖ ሕንድ የከረመ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያን ጥበቃ ያውቀዋል። ከባሕሩ ፊት ለፊት ግንባሩ ክብ የሆነ አሮጌ ሕንፃ ቆሟል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ በመርከብ የሚመጣ በረዶ የሚከማችበት መጋዘን ነበር። ዛሬ የቪቬካናንዳ ቤት ይባላል። የሂንዱ መነኩሴው ስዋሚ ቪቬካናንዳ እ.ኤ.አ. በ1897 ከምዕራቡ ዓለም ሲመለስ ዘጠኝ ቀን አርፎበታል።

እናቴ ጥምጥም አድርጎ፣ ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ የቆመውን ሰውዬ ፎቶግራፍ ቆማ አየችና ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የማውቀውን ያህል ነገርኋት። የካልካታ ልጅ እንደሆነ፣ አባቱ ሲሞት ቤተሰቡን የመደገፍ ኃላፊነት የወደቀበት ትልቁ ወንድ ልጅ እሱ እንደነበረ፣ ግን ሁሉን ትቶ እንደመነነ፣ በኋላም በ1893 ቺካጎ በተካሄደው የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ «የአሜሪካ እህቶቼና ወንድሞቼ» ብሎ ንግግሩን ሲጀምር አዳራሹ ሙሉ ቆሞ እንዳጨበጨበለት። ስለ ቺካጎው ምንም አላለችም። «እናቱስ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እናቴ ገድል እየሰማች ያረጀች ሴት ናት። በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ትቶ የጠፋው፣ ኋላም ለማኝ ሆኖ በወላጆቹ ደጅ ሳይታወቅ የኖረው የገብረ ክርስቶስ ታሪክ ሲነበብ ሰው ሁሉ ለጻድቁ ሲያለቅስ እሷ ለእናቱ ታለቅሳለች። ስለዚህ ጥያቄዋ ሰውየውን ለመንቀፍ አልነበረም። ከእያንዳንዱ መናኝ ጀርባ በር ላይ የቀረች አንዲት ሴት እንዳለች ታውቃለች፤ ስለዚያች ሴት ሳይነግሯት ታሪኩ አለቀ ሲሏት አይዋጥላትም። የቪቬካናንዳን ደብዳቤዎች የያዘ መጽሐፍ ገዝቼ ሌሊት ሌሊት ማንበብ የጀመርሁት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሰውየው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ የምፈልገው ያችኑ ሴት ሆነ።

«ተጋብዣለሁ»

ቡቫኔሽዋሪ ዴቪ ትባላለች። ወንድ ልጅ እንዲሰጣት ስትለምን፣ በቫራናሲ የምትኖር የቤተሰቡ ዘመድ እዚያ ባለ የሂንዱ አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ ስለት ታደርስላት ነበር። ጃንዋሪ 12 ቀን 1863 ኋላ ቪቬካናንዳ የተባለው ናሬንድራናት፣ በቤት ስሙ ናሬን፣ ተወለደ። ልጁ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ቁጣው አልበርድ ሲል እናቱ ቀዝቃዛ ውኃ አናቱ ላይ እያፈሰሰች በጆሮው የሺቫን ስም ትደጋግምለታለች፤ ያን ጊዜ ጸጥ ይላል። ሺቫን ልጅ ብለምነው ከአጋንንቱ አንዱን ላከልኝ ትል እንደነበር ይነገራል። የሂንዱዎቹን ታላላቅ ትረካዎች፣ የራማያናንና የማሃብሃራታን ታሪኮች፣ በቃሏ ታውቃለች። የመጀመሪያዎቹን የእንግሊዝኛ ፊደላትም ያስቆጠረችው እሷ ናት።

በዚህ ቤት ምናኔ እንግዳ አልነበረም። የባሏ አባት ዱርጋፕራሳድ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሚስቱን ትቶ መንኗል። ቡቫኔሽዋሪ ያገባችው እንግዲህ አባቱ ትቶት በሄደ ሰው ቤት ነው። የበኩር ወንድ ልጇ ሰማይ ሰማይ ማየት ሲጀምር ምን እንደተሰማት ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ባሏ ቪሽዋናት ዳታ የካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሕግ ሰው ነበር፤ ጥሩ ያገኝ ነበር፤ ካገኘው በላይም ያወጣ ነበር። በ1884 መጀመሪያ በድንገት ሲሞት የቀረው ዕዳ ነበር። ትናንት ከማዕዱ የማይለዩ ዘመዶች በቤቱ ይገባናል ብለው ክስ መሠረቱ። ናሬን በሃያ አንድ ዓመቱ፣ ከኮሌጅ እንደወጣ፣ የብዙ ነፍስ ጉሮሮ እጁ ላይ ወደቀ። በባዶ እግሩ፣ በካልካታ ፀሐይ፣ የሥራ ማመልከቻ ይዞ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ደጅ ሲጠና ይውላል።

ከዚያ ዘመን ሁለት ነገሮች አልወጣ አሉኝ። የመጀመሪያው ራሱ ኋላ ለጓደኞቹ የነገራቸው ነው። ጠዋት ተነስቶ ቤት ውስጥ ያለውን እህል በዓይኑ ይለካል። ለሁሉ እንደማይበቃ ሲያውቅ እናቱን «ዛሬ ምሳ ተጋብዣለሁ» ይላትና ይወጣል። የጋበዘው ሰው የለም። አንዳንድ ቀን እፍኝ እህል ይቀምሳል፤ አንዳንድ ቀን እንዲያው ይውላል። ችግር ባየ ቤት ያደገ አንባቢ ይህን ሲያነብ የራሱን ቤት ያያል። እናቶቻችን «እኔ ቀምሻለሁ፣ እናንተ ብሉ» ይሉ የለ? እዚህ ግን ልጅ ለእናቱ ዋሸላት። እናት ደግሞ ያን ዓይነቱን ውሸት አታውቅም ማለት ይከብደኛል።

ሁለተኛው የእሷ ቃል ነው። ናሬን ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ የፈጣሪን ስም የመጥራት ልማድ ነበረው። አንድ ቀን ከጎን ካለው ክፍል ሰማችውና ዝም በል አለችው። ከልጅነትህ ጀምሮ እግዚአብሔር እግዚአብሔር ስትል ኖርህ፤ እሱ ታዲያ ምን አደረገልህ? ያች ልጇን በስለት ያገኘች፣ ሲቆጣ በሺቫ ስም ታበርደው የነበረች ሴት ናት ይህን ያለችው። ቃሉ ወግቶታል። እሱም በዚያ ሰሞን ቢኖርስ የሚሰማ ነው ወይ ብሎ ፊት ለፊት መከራከር እስከ መጀመር ደርሶ ነበር።

ሦስት ጊዜ

ከከተማው ወጣ ብሎ በጋንጅስ ዳር፣ ዳክሺኔስዋር በሚባል ቦታ፣ ራማክሪሽና የሚባሉ፣ ካሊ የምትባለው ሴት አምላክ ቤተ መቅደስ አገልጋይ ነበሩ። ቀለም እምብዛም ያልቆጠሩ፣ የገጠር ሰው ናቸው። ናሬን ያገኛቸው ከአባቱ ሞት በፊት ነበር። እግዚአብሔርን አይተውታል ወይ ብሎ ያገኘውን የሃይማኖት መሪ ሁሉ ሲጠይቅ የኖረ ወጣት፣ አዎን፣ አንተን እንደማይህ አየዋለሁ፣ እንዲያውም ከዚህ ይልቅ አጥርቼ ነው የማየው የሚል መልስ ያገኘው ከእሳቸው ብቻ ነው። ያም ሆኖ በካሊ ምስል ፊት አይሰግድም ነበር። በወጣትነቱ አባል የሆነበት የብራህሞ ሳማጅ ማኅበር ትምህርት ለምስል መስገድን አይቀበልም።

በረኃቡ ዘመን ወደ መምህሩ ሄደና እርስዎ እናት የሚሏት አምላክ ትሰማዎታለች፤ እባክዎ ለእናቴና ለወንድሞቼ የዕለት ጉርስ ይለምኑልኝ አላቸው። ራማክሪሽና እኔ እንዲህ ያለውን ነገር መለመን አልችልም፣ አንተ ራስህ ጠይቃት፣ አንተ ስላልተቀበልሃት ነው ይህ ሁሉ የሚደርስብህ አሉት። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ዛሬ ሌሊት ወደ መቅደሱ ግባ፣ የምትለምናትን ሁሉ ትሰጥሃለች አሉት።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ገባ። መንገዱን እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ እንደሄደ ራሱ ተናግሯል። በመቅደሱ ውስጥ ያየው ድንጋይ አልነበረም፤ ሕያዊት ነበረች። በፊቷ ተደፋና ማስተዋልን ስጪኝ፣ መተውን ስጪኝ፣ ዕውቀትንና ፍቅርሽን ስጪኝ ብሎ ለመነ። ወጣ። ራማክሪሽና ጠየቅሃት ወይ ሲሉት ደነገጠ። እህሉን ረስቶታል። ተመለስ አሉት። ተመለሰ፤ ያንኑ ለመነ፤ ያንኑ ረሳ። ለሦስተኛ ጊዜ ላኩት። በዚህ ጊዜ አልረሳም። የመጣበትን ጉዳይ እያሰበ ገባ፤ ሊናገር ሲል ግን ከባድ ሐፍረት ያዘው። ንጉሥ ደስ ብሎት የፈለግኸውን ለምነኝ ሲልህ ዱባ ስጠኝ እንደ ማለት መሰለኝ ሲል ተናግሯል። ለሦስተኛ ጊዜም ያንኑ የነፍስ ነገር ለምኖ ወጣ።

ከዚያ እንግዲህ መምህሩን ለቀቅ አላደረገም። ይህን ያደረጉብኝ እርስዎ ነዎት፣ ስለዚህ እርስዎ ራስዎ ተናገሩልኝ እያለ ወጥሮ ያዛቸው። በመጨረሻ ራማክሪሽና እሺ፣ ቤተሰቦችህ ተራ ምግብና ተራ ልብስ አያጡም አሉት። ናሬን ያን ሌሊት አንድ የካሊ መዝሙር አስተምሩኝ ብሎ እስኪነጋ ሲዘምር አደረ። በማግስቱ እሱ እንደ ሞተ ተኝቶ ሳለ መምህሩ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ናሬን እናትን ተቀበላት እኮ፣ ጥሩ አይደለም? እያሉ በደስታ ይነግሩ ነበር።

የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉ ሁሉ ይህችን ሌሊት የድል ሌሊት አድርገው ነው የሚተርኩት። እኔም መጀመሪያ ሳነብ ልቤ ተነክቷል። ለእናቴ ሳነብላት ግን ራሴን ሌላ ቦታ አገኘሁት። ልጁ ተንበርክኮ ዕውቀትን ሲለምን፣ በከተማው ውስጥ እናቱ በተራቆተ ቤት ታናናሾቹን እያስተኛች ነው። ወደ መቅደሱ የሄደው ለእሷ ነበር። ሦስት ጊዜ ገብቶ ሦስት ጊዜ ያለ እሷ ጉዳይ ወጣ።

ይህን ስል ልቡ ጨካኝ ነበር ማለቴ አይደለም። የሦስተኛውን ጊዜ ሐፍረት አምነዋለሁ። በታላቅ ነገር ፊት የቆመ ሰው ትንሿን ነገር ማንሳት ያቅተዋል። ግን ዱባዋ የእሱ ዱባ አልነበረችም። አንድ ሰው የራሱን ጉርስ ሊንቅ ይችላል፤ የእናቱን ጉርስ መናቅ ግን መብቱ ነው ወይ? ለብዙ ቀን ይህ ጥያቄ አልለቀቀኝም። እውነቱን ለመናገር፣ እሱንም ዕድሜውን ሙሉ የለቀቀው አይመስለኝም። ስለዚያች ሌሊት ሲናገር መምህሩን የሙጥኝ ብሎ የያዘበትን ክፍል ሳይተው መናገሩ ራሱ አንድ ነገር ይነግረኛል።

ማድራስ ያየው ሕልም

ራማክሪሽና በጉሮሮ ካንሰር ታመው ኦገስት 16 ቀን 1886 አረፉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወጣቶቹ ደቀ መዛሙርት አንትፑር በምትባል መንደር እሳት አንድደው ዙሪያውን ተቀምጠው ሳለ፣ ናሬን ራስ ማስገቢያ የሌለውን የኢየሱስን ሕይወት ተረከላቸውና ሁሉም ለመመነን ቃል ገቡ። ሌሊቱ በምዕራባውያን አቆጣጠር የገና ዋዜማ መሆኑን ያወቁት ኋላ ነው። በማግስቱ ዓመት መጀመሪያ ባራናጋር ውስጥ በሚገኝ ሊፈርስ በደረሰ ቤት ሥርዓቱን ፈጸሙ። በሂንዱ ሥርዓት ሳንያሲ፣ ማለትም መናኝ፣ የሚሆን ሰው ለሙታን የሚደረገውን ሥርዓት በቁሙ ለራሱ ይፈጽማል፤ ስሙን፣ ዘሩንና ጎሣውን ለእሳት ይሰጣል። በእኛም ገዳማት የሚመነኩስ ሰው እንደ ሞተ ተቆጥሮ ይጸለይለታልና ለአማርኛ አንባቢ ሐሳቡ ሩቅ አይደለም። የሞተ ሰው ደግሞ እናት የለውም።

በወረቀት እንዲህ ነው። በ1890 አልሞራ ተራራ ላይ ሳለ ከእህቶቹ አንዷ ሕይወቷን በገዛ እጇ ማጥፋቷን የሚገልጽ ቴሌግራም ደረሰው። ልቡ ተሰበረ፤ ከዚያም ርቆ ወደ ተራሮቹ ዘለቀ። ራሱን የቀበረ ሰው ለእህቱ ለምን ያለቅሳል? ጓደኞቹ መነኮሳትም ይህን ሳይጠይቁት አልቀሩም። እሱ ግን መነኩሴ ሆንሁ ብዬ ልቤን ማውጣት አለብኝ ወይ የሚል ሰው ነበር።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ እኛ በከረምንባት ከተማ የሆነው ነው። ቼናይ ያን ጊዜ ማድራስ ትባላለች። ወደ ቺካጎ ከመሄዱ በፊት፣ አላሲንጋ ፔሩማል የተባለ መምህርና ጓደኞቹ የመርከብ ገንዘቡን ከደጅ ደጅ እየዞሩ ሲለምኑለት፣ ቪቬካናንዳ በሕልሙ እናቱ ሞታ አየ። ለቤቱ መጻፍ ከተወ ቆይቷል። የሚያደርገው ጠፋው። ያረፈበት ሰው ካልካታ ቴሌግራም ላከለት፤ መልሱ እስኪመጣ መቀመጥ ስላልቻለ ከከተማ ውጭ ወዳለ ጠንቋይ ብጤ ሰው ዘንድ ወሰዱት። ሰውየው እናትህ ደኅና ናት አለው። ቴሌግራሙም ያንኑ ይዞ መጣ። ቬዳንታ የተባለውን የሂንዱ ፍልስፍና ለዓለም ሊሰብክ የተነሳ፣ ለእንዲህ ያለው ነገር ትዕግሥት ያልነበረው የተማረ ሰው፣ እናቱን ፈርቶ ጠንቋይ ቤት ሄደ። ይህን ታሪክ ሳይደብቅ የተናገረው ራሱ ነው። እኔ ቺካጎ ካደረገው ንግግር ይልቅ በዚህ አከብረዋለሁ።

ለኬትሪው ንጉሥ

በራጃስታን ኬትሪ የምትባል ትንሽ ግዛት ነበረች። ገዥዋ አጂት ሲንግ የቪቬካናንዳ ደቀ መዝሙርና ወዳጅ ነበር። ይህ ሰው በየወሩ 100 ሩፒ ለቡቫኔሽዋሪ ይልክ ነበር። ራማክሪሽና ቃል የገቡት ተራ ምግብና ተራ ልብስ እንግዲህ የመጣው በዚህ በር ነው።

በኖቬምበር 1898 ቪቬካናንዳ ለንጉሡ ጻፈ። በዚያ ዓመት የዓለም ሰው ሆኗል። የራማክሪሽና ሚሽንን በ1897 መሥርቷል፤ በጋንጅስ ዳር የቤሉር ገዳም እየተሠራ ነው፤ ካልካታን ወረርሽኝ ሲያሰጋት ለሕመምተኞች የሚሆን ገንዘብ ከጠፋ የገዳሙን መሬት እንሸጣለን ብሎ ነበር። በደብዳቤው ግን አንድ ኃጢአት ሁልጊዜ ደረቴን ይወጋኛል ይላል፤ ዓለምን አገለግላለሁ ብዬ እናቴን ክፉኛ ችላ አልኋት። መካከለኛው ወንድሜም ከቤት ከወጣ በኋላ በኀዘን አልቃለች፤ የምትኖረው በጎጆ ነው፤ የመጨረሻ ምኞቴ ጥቂት ዓመት እንኳ እሷን ማገልገል ነው፤ ትንሽ ደኅና ቤት ልሠራላት እፈልጋለሁ ይላል። ጥቂት ቀን ቆይቶ በጻፈው ሌላ ደብዳቤ ደግሞ የወሩ 100 ሩፒ ቋሚ እንዲሆንላት ይለምናል፤ እኔ ከሞትሁ በኋላ እንዳይቋረጥባት፣ እኔን መውደድ ቢተዉ እንኳ ለአንድ ድኻ መናኝ ስለነበረዎት ፍቅር ብለው እናቴን አይርሷት ይላል።

እዚህ ስደርስ መጽሐፉን አስቀመጥሁት። በ1884 ንጉሥ ፊት ቆሞ ዱባ መለመን ያሳፍራል ያለው ሰው፣ በ1898 እውነተኛ ንጉሥ ፊት ቀርቦ ለመነ። ያን ጊዜ ያልወጣው ቃል ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ በቀለም ወጣ። የእናት ሞትና የድንጋይ መቀመጫ እያደር ይቆረቁራል ይባላል፤ እሱን ገና በሕይወት ያለች እናት ነበር እያደር የቆረቆረችው።

አንዳንዶች ይህን የበሽተኛ ሰው መላላት አድርገው ያዩታል። ስኳርና አስም ነበረበት፤ ደክሟል፤ ስለዚህ ወደ ልጅነቱ ተመለሰ ይላሉ። እኔ አልቀበለውም። ምክንያቱም በጃንዋሪ 1900 ከሎስ አንጀለስ ለአንዲት አሜሪካዊት ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ነገሩን ራሱ አስቦበት፣ በሚገባ ለክቶ ተናግሮታል። በ1884 እናቴን መተው ታላቅ ምናኔ ነበር፤ ዛሬ ወደ እሷ መመለስ ግን ከዚያ የሚበልጥ ምናኔ ነው ይላል። ታላቁ ሻንካራም መጨረሻ ላይ ወደ እናቱ መመለስ ነበረበት እያለ ያስታውሳል። በሕንድ ትውፊት የመናንያንን ሥርዓት ያቆመው ሻንካራ፣ በሞትሽ ሰዓት እደርስልሻለሁ ብሎ ለእናቱ ቃል ሰጥቶ ነበር። ለመናኝ ቀብር ማስፈጸም ክልክል ነው እያሉ ዘመዶች ሁሉ ቢሸሹትም ብቻውን ሬሳዋን አቃጥሏል። ቪቬካናንዳ ይህን ምስክር የጠራው እንዲሁ አይደለም። ሕጉን ያቆመው ሰው ራሱ ለእናቱ ሲል ሕጉን እንደ ጣሰ ያውቃል።

መመለሱ ለምን ከመሄዱ እንደሚበልጥ ብዙ አሰብሁ። ሲሄድ ያጣው ቤትና ምቾት ነበር። ሲመለስ የሚያጣው መናኝ የሚለውን ክብር ነው። ጉባኤ ያስነሳ፣ የባዕድ አገር ምሁራን እግሩ ሥር የተቀመጡለት ሰው፣ እናቱ በውርስ ቤት ከአክስት ጋር በምትካሰስበት የፍርድ ቤት ደጅ ወረቀት ይዞ ሊቆም ነው። የራሱ ደቀ መዛሙርት እንኳ ምን ነካው ይሉታል። በ1887 ለመነኮሰ ሰው ሁሉም ያጨበጭባል፤ በ1900 ለእናቱ ቤት ለሚሯሯጥ መነኩሴ የሚያጨበጭብ የለም።

የንጉሡን ደብዳቤ ያነበብሁላት ሌሊት እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ዝም ብላ ሰማችና «ዘግይቷል» አለች። አልተከራከርኋትም። ግን የሚዘገይ ሰውና የማይመጣ ሰው አንድ አይደሉም።

ብራህማፑትራ

አጂት ሲንግ በ1901 መጀመሪያ አግራ አቅራቢያ ሲካንድራ ውስጥ ከግንብ ወድቆ ሞተ። ከእኔ ሞት በኋላ እንዳይቋረጥባት ተብሎ የተለመነው ንጉሥ ከለማኙ ቀድሞ ሄደ። ቪቬካናንዳ በዚያው ወራት እናቱን ወደ ቅዱሳን ቦታዎች ሊወስዳት ተነሳ። ዕድሜዬን ሙሉ ለወገኖቼ ሐዘን እንጂ ሌላ አላመጣሁም፤ የአንዲት ሂንዱ መበለት ታላቅ ምኞት ይህ ነውና ይህን አንድ ነገር ልፈጽምላት ብሎ ጽፏል። በማርች ዳካ ገባ፤ እሷም አክስቱን አስከትላ ደረሰች። በብራህማፑትራ ዳር ላንጋልባንድ በሚባል ቦታ በዓመት አንድ ጊዜ በሚደረገው ታላቅ መታጠብ ላይ ከእሷ ጋር ወደ ወንዙ ወረደ። ከዚያም ወደ ቻንድራናትና ካማክያ አብረው ተጓዙ።

ላንጋልባንድ የሚታጠቡት ለምን እንደሆነ ያወቅሁ ጊዜ ደብዳቤውን እንደገና አውጥቼ አነበብሁት። አፈ ታሪኩ ፓራሹራማ ስለሚባል ተዋጊ ነው። በአባቱ ትእዛዝ እናቱን በመጥረቢያ ገደላት። እናቱ ኋላ በአባቱ ቃል ብትነሳም መጥረቢያው ከእጁ አልላቀቅ አለ፤ በየወንዙ ታጥቦ አልለቅ ብሎት በመጨረሻ የለቀቀው በብራህማፑትራ ውኃ ነው ይባላል። ሕዝቡ በዚያ ቦታ የሚታጠበው ይህን እያሰበ ነው። ኃጢአት ደረቴን ይወጋኛል ብሎ ለንጉሥ የጻፈው ልጅ፣ እናቱን ይዞ የወረደው ወደዚህ ውኃ ነው። ትውፊቱን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። በአጋጣሚ ነው የሚል ካለ አልከራከረውም፤ እኔ ግን አጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም።

በቤቱ ላይ የነበረው ክርክር በስምምነት የተቋጨው በ1902 ከማረፉ ጥቂት ቀናት በፊት ነው። ጁላይ 4 ቀን ምሽት ቤሉር ገዳም ውስጥ አረፈ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። መጻሕፍቱ እዚህ ይዘጋሉ። እኔ ግን ገና ዘጠኝ ዓመት ይቀራል እላለሁ፤ ቡቫኔሽዋሪ በሕይወት አለችና።

ወንድሞቹ መነኮሳት አልተዋትም። የገዳሙ አለቃ ብራህማናንዳ ጉዳይዋን የራሱ አድርጎ ያዘው፤ እናት እያሉ ይመጡላት ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና ሦስቱ ወንዶች ልጆቿ ሦስት መንገድ ሄዱ፤ ግን ሦስቱም ከቤት የሚያወጣ መንገድ ነበር። መካከለኛው ማሄንድራናት በ1896 ለንደን ገብቶ፣ ከዚያ ለቤቱ ሳይጽፍ አገር ላገር ሲዞር ዓመታት ቆይቶ ተመለሰ። ታናሹ ቡፔንድራናት የእንግሊዝን አገዛዝ የሚቃወም ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነና በ1907 አንድ ዓመት ተፈረደበት። ያን ጊዜ የካልካታ ሴቶች ተሰብስበው እንዲህ ያለ ልጅ በማሳደጓ እናቱን በአደባባይ አመሰገኗት። ምስጋናው ለልጇ መታሰር የተሰጣት ነው። አንዱን የወሰደባት ገዳም ነበር፣ ሌላውን እስር ቤት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሕዝቡ አከበራት።

ቡፔንድራናት ሲፈታ ሌላ ክስ ሳይቀድመው ወደ አሜሪካ ሸሸ። ቡቫኔሽዋሪ በጁላይ 1911 ስትሞት እዚያ ተማሪ ነበር። የቪቬካናንዳ አየርላንዳዊት ደቀ መዝሙር ኒቬዲታ አስከሬኑ ወደሚቃጠልበት ቦታ አብራ ሄዳለች፤ ራሷም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ሞተች። ታናሹ ልጅ የእናቱን መርዶ የሰማው፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሙ እህቶቼና ወንድሞቼ ብሎ ሕዝብ ባስነሳበት አገር ነው። ወደ ሕንድ የተመለሰው በ1925 ነበር።